በጾታ ሽግግር መሃል ጓደኛ ማፍራት፤ ለዝምተኞች

ከልጅነቴ ዝምተኛ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ሠርግ ላይ ጥግ የምይዝ፣ ከብዙ ሰው ጋር ከዋልኩ በኋላ ለብቻዬ ካልሆንኩ ድካሙ የማይለቀኝ ሰው ነኝ። ትራንስ ወንድ ደግሞ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሴት ልጅ ተብዬ ነው ያደግኩት። ሽግግሬን የጀመርኩት አሜሪካ መጥቼ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ሁለቱ ለተደራረቡባቸው ሰዎች ነው። ሽግግር ብቻውን ሰው ያሳጣል። ዝምተኛ ስትሆኑ ደግሞ የሚሰጣችሁ ምክር ሁሉ ለተጫዋች ሰው የሚሆን ነው። ውጡ፣ ተዋወቁ፣ ታሪካችሁን ተናገሩ ይሏችኋል። ለኔ ይህ አልሆነልኝም። የሆነልኝን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ዝምታንና መደበቅን ለዩ። እኔ ከሰው ጋር ውዬ ስመለስ የሚሰማኝ ድካም ሁሉ ከተፈጥሮዬ ይመስለኝ ነበር። እውነትም ከፊሉ ተፈጥሮዬ ነው። የቀረው ግን ከጥበቃ የመጣ ነበር። እንዴት እንደተቀመጥኩ እጠብቃለሁ። እንዴት እንደሳቅኩ እጠብቃለሁ። «አንቺ» ስባል ፊቴ ላይ ምን እንደሚታይ እጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲጠብቅ የዋለ ሰው ማታ ቢደክመው አይገርምም። ዛሬም ዝምተኛ ነኝ። የምወስደው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስቴሮን፣ ሰውን ጨዋታ አዋቂ አያደርግም። ግን ከማያስጠብቀኝ ሰው ጋር ዝም ብዬ ብውል አይደክመኝም።

መለየቱ የሚጠቅመው መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ዝምታ የሚፈልገው እረፍት ነው። መደበቅ የሚፈልገው የሚያውቃችሁ ሰው ነው፤ አንድም ቢሆን። እኔ ለሁለቱም አንድ መፍትሔ ነበር የምሰጠው፤ በሬን ዘግቼ መተኛት። ዝምታዬ ያርፍ ነበር። ብቸኝነቱ ግን ባለበት ነበር።

ስለሚታጣው ነገርም ላውራችሁ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። እኔ ያጣሁት የሴቶችን ቡና ነው።

እሁድ እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ለዝምተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሲኒ ያጥባል፣ ፈንዲሻ ያቀርባል፣ ያዳምጣል። ለምን አትናገሪም የሚል የለም። ስለ ባል፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ስደት ጉዳይ ያለ ሐፍረት ይወራል። ጢሜ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እኔ ስገባ ወሬው ይቋረጥ ጀመር። የሰደበኝ የለም። ውጣ ያለኝም የለም። ብቻ ነጠላ ይስተካከላል፣ ርዕስ ይቀየራል። አንዲት የልብ ጓደኛዬ ባሏ በሌለበት ቤቷ እንዳልመጣ ለመነችኝ። «አንተን ጠልቼ አይደለም፤ እሱን ምን ብዬ ላስረዳው?» አለችኝ። ወንድ መሆኔን ከሁሉም ቀድማ የተቀበለችው እሷ ናት። የራቀችኝም በዚያው ምክንያት ነው።

ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ ቦታ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። የሀገሬ ወንዶች ጓደኝነት ብዙውን ጊዜ ከሰፈር ይጀምራል። ኳስ አብረው ተራግጠው፣ ተደባድበው፣ ከትምህርት ቤት ፎርፈው ነው። እኔ አብሮ አደግ ወንድ የለኝም። «ሰፈርህ የት ነበር?» ሲሉኝ ሰፈሩን እነግራቸዋለሁ። «እገሌን ታውቀዋለህ?» ሲሉኝ ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ የሚያውቀኝ ግን በሌላ ስም ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ሐዘን ነው፤ እንደ ሐዘን ያዙት። ቡናው ስለናፈቀኝ ሽግግሬ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ናፍቆትና ጸጸት ለየቅል ናቸው። ይህን የምለው ናፍቆቱ ሲመጣ ብዙዎች ስለሚደነግጡና ለማንም ሳይናገሩ ስለሚይዙት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ወንድና ሴት የሚቆሙት በየጎናቸው ነው። መልኬ ከሁለቱም ያልሆነባቸው ወራት ነበሩ፤ በየት በኩል እቆማለሁ? ሰው በሌለበት ሰዓት እየሄድኩ ተሳልሜ እመለስ ነበር። ይህ ወቅት ያልፋል። ሲያልፍ ግን አዝግሞ ነው፤ ከጓደኛ ፍለጋ ሁሉ ከባዱም በዚያ ጊዜ ያለው ነው። በነዚያ ወራት አዲስ ሰው ለመተዋወቅ አቅም ካጣችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ። ያሉትን አንድ ሁለት ሰዎች መያዝ ይበቃል።

ድምፅ ሌላው ነገር ነው። ቴስቶስቴሮን በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፅ መጎርነን ይጀምራል። ከጎረነነ በኋላ መድኃኒቱ ቢቆምም ወደ ነበረበት አይመለስም። እናቴ በስልክ «ድምፅሽ ምነው?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» አልኳት። ጉንፋን ደግሞ ወር አይቆይም። ስለዚህ ስልኩ እየራቀ መጣ። ከሀገር የወጣ ሰው ከእናቱ ድምፅ ሲርቅ ብቸኝነቱ ሌላ ነው፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የረዳኝ መጻፍ ነው። ለዝምተኛ ሰው ጽሑፍ ትልቅ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ታናሽ እህቴን ነው፤ በቴሌግራም። መልእክቴን እንዳነበበችው አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ምንም አላለችም። በማግስቱ ማታ «ጋሼ፣ እራት በላህ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዛሬ ለእናቴ ደህንነቴን የምትነግረው እሷ ናት። እናቴም አልፎ አልፎ ስንደዋወል «ልጄ» እያለች ታወራኛለች። ስለ ድምፄ መጠየቅ ትታለች። እኔም ገና አልነገርኳትም።

ለመንገር ስትዘጋጁ መልእክቱን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡት። አጭር ይሁን። የኔ እንዲህ ነበር፦ «የምነግርህ ነገር አለ። ትራንስ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ስም ጥራኝ፤ አንተ በለኝ። ለሌላ ሰው አትንገርብኝ፤ የምነግረው እኔው ነኝ። አሁን መልስ መስጠት የለብህም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ሰውየው ደንግጦ ያልሆነ ነገር ከመናገር ይድናል። እናንተም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ የሰው ፊት ከማንበብ ትድናላችሁ።

ለማን ትንገሩ? የኔ መለኪያ አንድ ነው። የሌላ ሰው ወሬ የሚያመጣልኝን ሰው አልመርጥም፤ የኔንም ይወስዳልና። ደግ መስሎ መታየት፣ የተማረ መሆን፣ አሜሪካ ብዙ መኖር መለኪያ አይሆኑም። ሐሜት ሲነሳ ዝም የሚለውን ሰው ፈልጉ።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የቀዶ ጥገና ዕቃ የሚታጠብበትና ከጀርም የሚጸዳበት ክፍል፣ በማታ ፈረቃ። እዚያ አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ የጎንደር ሴት አብራኝ ትሠራለች። እትዬ ነው የምላት። የደረት ካርዴ ላይ ያለው ስም የተቀየረ ሰሞን ሌሎቹ ካርዱን እያዩ ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። እሷ በእረፍት ሰዓት የምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሽሮ ነበር፣ ከላይ ቃሪያ ያለበት። ቀና ብላ አየችኝና «ና፣ ቁጭ በል። ብላ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ «ነይ» ነበር። ማብራሪያ አልጠየቀችም። ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ ቀጥላ ስለ ልጇ የሒሳብ ፈተና ማውራት ጀመረች። እንደሷ ያሉ ሰዎች «እኔ ደጋፊህ ነኝ» ብለው አይመጡም። ስለዚህ ማየት ያስፈልጋል። ብቸኝነት ሲበረታ ሰው ሁሉ ጠላት ይመስላል፤ ያኔ ደግሞ እነሱን ማየት ይከብዳል።

ስለ ድጋፍ ቡድኖች ብዙ ትሰማላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዊትማን ዎከር የሚባል የጤና ማዕከል አለ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ለትራንስ ሰዎች ሕክምናም የድጋፍ ቡድንም አለው። ሌሎች ትልልቅ ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት አሏቸው። ወንበር በክብ ይደረደራል። ስማችሁንና እንዴት መጠራት እንደምትፈልጉ ትናገራላችሁ። ከዚያ በኋላ ተራ ሲደርሳችሁ «እለፉኝ» ማለት ይቻላል። ይህ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ የተማርኩት ዘዴ ቀደም ብዬ ገብቼ ወንበር መደርደር ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ አይጨነቅም። ወንበር አብሯችሁ የሚደረድር ሰው ደግሞ ከክቡ በፊት አንድ ለአንድ የምታወሩት ሰው ይሆናል። ለዝምተኛ አንድ ለአንድ ይሻላል። ካሜራ አጥፍቶ በጽሑፍ ብቻ መሳተፍ የሚቻልባቸው የኢንተርኔት ቡድኖችም አሉ፤ ከዚያ መጀመርም መጀመር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሐኪም ጋ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ በስልክ የሚሆን ይሁንልኝ በሉ፤ ከሌላ ከተማ ቢሆን ይመረጣል። ዲሲና አካባቢው የሐበሻ ከተማ ነው። አስተርጓሚው የዘመዳችሁ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ቢሆንም ልባችሁ ካልረጋ ለሐኪሙ የምትናገሩት ሁሉ ይጎድላል።

አሁን ስለ ሰዓት። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጄፍሪ ሆል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት አለ። ሰው ከመተዋወቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ ይፈጅበታል። ወደ ደህና ጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ልብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ሥራ ቦታ አብሮ የሚያልፈው ሰዓት ያን ያህል አይቆጠርም። ይህን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ቀለለልኝ። አስሉት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የምትገናኙ ከሆነ 90 ሰዓት የሚሞላው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። 200 ሰዓት ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። እንግዲህ በሦስተኛው ወር «ጓደኛ አላፈራሁም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጊዜው ገና ነው።  ለደመወዝ ሳይሆን ወደው የሚሠሩት ሲሆን ደግሞ፣ ለኔ ዝም ብሎ አብሮ መሥራትም ሰዓት ነው።

ስለዚህ እጅ የሚያሠራ፣ በየሳምንቱ የሚደገም፣ ያው ሰው የሚመጣበት ነገር ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት ዊድ ዋሪየርስ የሚባል የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርኮች ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያካሂዱታል። ሥራው ከውጭ መጥተው ደኑን የሚያንቁትን ተክሎች ማጥፋት ነው። አይቪ የሚባለው ሐረግ ዛፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይከለክለዋል። ሐረጉን ከላይ መጎተት አይፈቀድም፤ ቅርንጫፍ ይዞ ሊወርድ ይችላል፣ ልጡንም ይጎዳል። ግንዱን ዞሮ ከሥር አንዴ፣ ትከሻ ላይ አንዴ ይቆረጣል። መሃል ያለው ይነሳል። ከላይ ያለው ራሱ ደርቆ ይቀራል። ሥራው ዛፉን ዞሮ ስለሆነ ሁለት ሰው ቢሠራው ይቀላል። አንዱ መጋዝ ይይዛል፣ አንዱ ሐረጉን ይለያል። ለመሥራት የሚያስፈልገው ንግግር «እዚህ ጋ»፣ «ቆይ»፣ «እሺ» ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሥራ መሃል ስለ ጉልበቱ ሕመም ይነግረኛል። ስለ ሞተችው ሚስቱ ይነግረኛል። ቴርሞስ አለው፤ ቡናው ቀጭን ነው፣ ግን ያካፍለኛል። ትራንስ መሆኔን አያውቅም። ታዲያ ይህ መደበቅ አይደለም ወይ? አይደለም። ከሱ ጋር ስሆን ራሴን አልጠብቅም። እንዴት እንደቆምኩ፣ እንዴት እንደሳቅኩ አላስብም። ልንገረው ብል እነግረዋለሁ፤ ያላልኩት ስላላስፈለገኝ ነው። መለኪያው ሰውየው ያውቃል አያውቅም አይደለም። እኔ ተጨንቄያለሁ አልተጨነቅኩም ነው።

የትራንስ ጓደኛም ያስፈልጋል። የምለውን ሳላብራራ የሚገባው ሰው አንድ ቢሆን ለጤና ነው። መርፌ ራስን ስለመውጋት፣ ፍርድ ቤት ስም ስለማስቀየር፣ ሽንት ቤት ስለመግባት ከሌላ ከማን ጋር ይወራል? ግን ጓደኝነቱ ሁሉ ስለ ሽግግር ብቻ ከሆነ ይደክማል። እኔና አንድ ኤርትራዊ ትራንስ ወንድ የተጣበቅነው ስለ ሆርሞን ስናወራ አይደለም። ሁለታችንም የድሮ ሬዲዮ መጠገን ስለምንወድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብየዳው እየጨሰ ግማሽ ቀን ያልፋል። ከዚያ መሃል አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ እሱ ዓረፍተ ነገር የቡድን ስብሰባ ውስጥ ፈጽሞ አይወጣም ነበር።

ከሰው ጋር ከዋላችሁ በኋላ ያለውን ቀን ባዶ ተዉት። ሽግግር ራሱ አቅም ይጨርሳል። መታወቂያችሁንና መልካችሁን የሚያስተያይ ሁሉ ከእናንተ ትንሽ ይወስዳል። የደከማችሁ ቀን ቀጠሮ መሰረዝ ካለባችሁ ሰርዙ፤ ግን በዚያው መልእክት ሌላ ቀን ጥቀሱ። «ዛሬ አልችልም፣ ቅዳሜ ልምጣ?» በሉ። ዝምተኛ ሰው ጓደኛ የሚያጣው ብዙ ጊዜ በመሰረዙ አይደለም፤ ከሰረዘ በኋላ በመጥፋቱ ነው።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ለምታነቡ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው። ሕዝቡ ግን ትራንስን ከዚያ ለይቶ አያይም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ ዘመቻ መጀመሩን ማስታወቁን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት በቲክቶክ እንዲህ ናቸው እየተባለ የሰው ፎቶ ሲበተንም አይተናል። ስለዚህ በኢንተርኔት ለተዋወቃችሁት ሰው ፊታችሁን፣ ሰፈራችሁንና የሥራ ቦታችሁን አትስጡ። የመጀመሪያ ቀጠሮ ቤት ውስጥ አይሁን። ቸኩሎ ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ጓደኛ ፈላጊ አይደለም። ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባል ድርጅት አለ፤ ስለኛ በኛው ሰዎች የሚሠራ ነው። መንገር የማትችሉ ከሆነ አለመንገር ፈሪ አያደርጋችሁም። በሕይወት መቆየት ይቀድማል።

ብቸኝነቱ መኖር ወደ መጥላት ከተለወጠ ጓደኛ እስኪገኝ አትጠብቁ። አሜሪካ ያላችሁ ራስን ማጥፋት ለሚያስብ ሰው ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር፣ 988፣ ደውሉ። ትራንስ ላይፍላይን የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ ነው፤ ስልኩን የሚያነሱት ራሳቸው ትራንስ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ያለ ደዋዩ ፈቃድ ፖሊስ አይጠሩም። ቁጥሩ 877 565 8860 ነው። ካናዳ ላላችሁ 877 330 6366 ነው። መናገር ቢያቅታችሁ «መናገር አቅቶኛል» ማለት ይበቃል፤ የቀረውን እነሱ ያግዟችኋል።

ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው በዓል ነው። ገና ሲደርስ ስልኩ በዶሮ ወጥና በሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ይሞላል። ከሁለት ሳምንት በፊት አስቀድማችሁ ዕቅድ ያዙ። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ነው፣ የኛ ጃንዋሪ 7፤ ስለዚህ በኛ ቀን ባዶ የሆነ ሰው አይጠፋም። ብዙ ሰው አትጥሩ፤ ሁለት ሰው ይበቃል። የምትሠሩት ነገር ይኑር፣ የሚያልቅበት ሰዓትም ቀድሞ ይታወቅ። እኔ ዶሮ እሠራለሁ። አሥራ ሁለት ብልት አወጣጡን እናቴ ነች ያስተማረችኝ፤ ሽንኩርቱን ለማቁላላት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እትዬ ከማታ ፈረቃ ወጥታ ትመጣለች፣ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓደኛዬ እንቁላል ይልጣል። ለሾፌሩም ዘንድሮ ልነግረው አስቤያለሁ፤ በርበሬውን ከቻለው ይምጣ።